ከሰል ያልገዛሁበት በጋ

ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ዛሬ ከያቤሎ ነገሌ ገባሁ። ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው፤ አቧራው ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ደስ ብሎኛል ግን። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰለጠንን። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለ ሙቀቱ አዲስ ነገር ሰማሁ ብል ውሸት ነው። ልቤን የነካው አሰልጣኟ መጨረሻ ላይ ያለችው ነው። ዓለምን ለጊዜው ተዉት፣ ከየቤታችሁ ጀምሩ፣ ከምድጃችሁ፣ ከባልዲያችሁ፣ ከእግራችሁ አለችን። አምና የመጋቢቱ ዝናብ ቀረ፣ ዘንድሮ ደግሞ የጥቅምቱ። ነገሌ ዙሪያ ከብቱ እያለቀ ነው። ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ከሰል አይገባም። የልብስና የዕቃ እጣቢ ለችግኝ ነው። ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ባጃጅ የለም። ለባለቤቴ ለአመለወርቅ ነገርኳት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር። ቀና ሳትል «ካውያውስ?» አለችኝ። መብራት በሳምንት አራት ቀን ስለሚጠፋ የምትተኩሰው በከሰል ካውያ ነው። እሱን እናስብበታለን አልኳት። «አስብበት» አለችኝ።

ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። የማደርገውን እየጻፍኩ ራሴን ልቆጣጠር።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ሎሚ መጣች። በየሐሙሱ ጠዋት በፊልቱ መንገድ አህያዋ ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ጭና የምትመጣ የቦረና ሴት ናት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለእኛ ሰፈር የምታቀርበው እሷ ናት። ከእንግዲህ አንወስድም አልኳት። ምን አጥፍቼ ነው ብላ ደነገጠች። ምንም አላጠፋሽም ብዬ ከበሩ ጥላ ሥር ስለ ደን መመናመንና ስለ ካርቦን በሚገባት መንገድ አስረዳኋት። ሩብ ሰዓት ያህል በትዕግስት አዳመጠችኝ። ሲያበቃ በምን ልናበስል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በኤሌክትሪክ አልኳት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ደግነቱ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ስለ ከብቶቿ ነገረችኝ። አሥራ ሁለት ነበሯት። አንድ ቀርታለች፣ ዳለቲ የምትባል ግራጫ ላም፣ ያውም ከብዳለች። ግጦሽ ስለሌለ ከሰሉ ተሸጦ ፉርሽካ ይገዛላታል፤ ላሟ በሕይወት ያለችው በዚያ ነው። ከጎሳዋ ከብት የሚያዋጣላት ሰው እንዳታገኝ ሁሉም አልቆበታል። ላም የሌለው ቦረና ምን ይባላል ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔ አላውቅም አልኳት።

ስለ አማራጭ የገቢ ምንጮች አነሳሁላት። ንብ ማነብ ለምሳሌ። ዙሪያውን ሜዳውን አየችና አህያዋን ነዳች። አንድ አበባ እንኳ እንደሌለ ያሰብኩት ከሄደች በኋላ ነው።

ጥር 8

ግብረ ኃይል ተቋቁሟል። አስተባባሪው ፍስሐ የሚባል ወጣት ነው፣ ከዚህ በፊት ተማሪዬ ነበር፣ ጎበዝ። ወደ ከተማ የሚገባውን ከሰል ለመቆጣጠር የየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች መረጃ እንዲሰጡት ይፈልጋል፤ የእኛን የምመራው እኔ ነኝ። ሌሎቹ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ይገላገላሉ። እኔ ግን ጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ካርታ እሠራለታለሁ።

ጥር 14

ካርታው አለቀ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከሠራሁ ዓመታት አልፈዋል። ልኬቱ ትክክል፣ አቅጣጫው ትክክል፣ ዛፉ በአረንጓዴ እርሳስ፣ ከሰል የሚገባባቸው በሮች በቀይ ቀስት። ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ስመላለስ ያየሁትን ብቻ ነው ያስገባሁት፤ ያላየሁትን አልጻፍኩም። አራት ቀስት ሆነ። ከየቀስቱ ጎን ቀን፣ ሰዓትና መጠን አለ። ሐሙስ፣ 1፡30፣ የፊልቱ መንገድ፣ አንድ አህያ፣ ሁለት ጆንያ።

ስም አልጻፍኩም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ጥር 17

ቸኩያለሁ፣ ደወል ሊደወል ነው። ካርታውን ለፍስሐ ሰጠሁት። እዚያው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «መምህር፣ ሙያ ማለት ይህ ነው» አለኝ። ክበባችን ትምህርት ቤት ግቢ ከተከላቸው አርባ የኒም ችግኞች ዘጠኙ ብቻ ቀርተዋል። እጣቢው ሳሙና ስለበዛበት ይሆን?

ጥር 19፣ ሐሙስ

ሎሚ አልመጣችም። እኛ ባንገዛም ጎረቤቶች ይገዟት ነበር። አመለወርቅ ሁለት ጊዜ በር ከፍታ አየች። ለምን ትፈልጊያታለሽ አልኳት፤ እንዲሁ ነው አለች።

ታማ ይሆናል።

ጥር 22

ሸሚዜ ዛሬም እንደ ተተኮሰ ነው፣ አንድ እጥፋት የለውም። መብራት ግን ከሰኞ ጀምሮ የለም። ስለዚህ ነገር ጥያቄ ላለማንሳት ወስኛለሁ። አንድ ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ወር አይለውጥም።

በእግር መሄዱ ጥሩ ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ጉልበቴ ለምዷል።

ጥር 25

መምህራን ማረፊያ ክፍል። የኬሚስትሪው ሚክዳድ ሲያወራ ሰማሁ። ግብረ ኃይሉ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ አህያ ይዟል፤ አንዲት ሴት ጆንያዋን አቅፋ መንገድ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ በዓይኑ አይቷል። ከሁሉ የገረመው ሰዎቹ ወረቀት ይዘው መጠበቃቸው ነው፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል አለ። ሁሉም ማን ሰጣቸው ይሆን ብለው ይገምቱ ጀመር። ከራሳቸው ከከሰል ሻጮቹ አንዱ ካልሆነ በቀር ይህን ማን ያውቃል ተባለ።

ሻዬን ጠጣሁ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ለምንስ ያያሉ?

ሥራ በመረጃ ሲሠራ ጥሩ ነው። ደግሞም አሥራ አንድ አህያ ሀያ ሁለት ጆንያ ማለት ነው። ሀያ ሁለት ጆንያ ስንት ዛፍ እንደሆነ ላሰላ ብዬ ጀመርኩ፣ ተውኩት። ስም አልጻፍኩም።

ጥር 26፣ ሐሙስ

አልመጣችም።

የካቲት 4

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ኦቦ ዋሪዮ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬ የሞቱትን ችግኞች ስነቅል አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ትንሽ አዘኑልኝ መሰለኝ። ስለ ደን ጭፍጨፋ ማውራት ጀመርኩላቸው፤ እስክጨርስ በጥሞና ሰሙኝ... አይ፣ እንደነበረው ልጻፈው። አቋረጡኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ በግልጽ ያቋረጠኝ ሰው የለም።

በልጅነታቸው ይህ ሁሉ ሜዳ ሣር ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ሽማግሌዎች ተማክረው፣ ዝናብ ሲቃረብ፣ አሮጌውን ሣር በእሳት ያቃጥሉት ነበር። እሳቱ ቁጥቋጦውን ይገድላል፣ ሣሩ በዝናቡ ይመለሳል። በኋላ ከመንግሥት ሰዎች መጥተው እሳት ክልክል ነው አሉ። ክልክል ሆነ። ሳጳንሳ የሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረሰው፤ በሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ከብትም አያልፍበትም። ስለዚህ አሁን ሽማግሌዎች ከብት ላለቀባቸው ሴቶች ሳጳንሳውን ብቻ እየመነጠሩ ከሰል እንዲያከስሉት ፈቅደዋል። በተመነጠረበት ላይ ትንሽ ካፊያ ካገኘ ሣር ይወጣል። ደደቻ የሚባለውን ትልቁን የጥላ ዛፍ የሚነካ ከቦረና መሀል የለም፤ ነውር ነው።

ታዲያ በየመንገዱ የማየው የትልልቅ ዛፍ ጉቶ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይሱዙ አታውቅም?» አሉኝ። ሌሊት የሚጭኑ መኪኖች አሉ። እኔ በእግሬ ስመላለስ መኪና አላየሁም፤ ስለዚህ ካርታው ላይ የለም።

ከመሄዳቸው በፊት ያሉኝን እንዳለ ልጻፈው። «አንተ በርሲሳ፣ ወደ ላይ ነው የምታየው። ዛፍ ስታይ ደስ ይልሃል። ከብት የሚበላው ግን ታች ነው።» በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ስድብ እንዳይመስለኝ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ።

እውነት ነው፣ በማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ሣር አንድ አንቀጽ ነው ያለው።

የካቲት 9

ኦቦ ዋሪዮን ስለ ሎሚ ጠየቅኳቸው፣ እንደ ዋዛ። የሟች ወንድማቸው ሚስት ናት። ይህን አላውቅም ነበር። ጥር 19 ቀን ጠዋት ገና ከተማ ሳትገባ አህያዋን ከነጭነቱ ወስደውባታል። ፉርሽካ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዳለቲ አሁን በራሷ መነሳት አትችልም፤ በየጠዋቱ ሰው ተሰብስቦ ያነሳታል።

ከብት ወድቆ አንድ ቀን ከዋለ አበቃለት። ይህን አባቴም ይል ነበር፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፤ ፖሊስ ሆኖ እዚህ ተመድቦ የቀረ የጎንደር ሰው ነው። ልጅነቴን ሁሉ እዚህ አሳልፌ ላም ስትነሳ አይቼ አላውቅም።

እራት አልበላሁም። አመለወርቅ ምን ሆነህ ነው አለችኝ፤ ጨጓራ ነው አልኳት።

የካቲት 12

ትምህርት የለም። አንድ ጆንያ ፉርሽካ ገዝቼ በባጃጅ ሄድኩ። ባጃጅ የለም ያልኩትን አፍርሻለሁ፤ ጆንያውን ልሸከመው አልችልም ነበር።

ከፊልቱ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው። ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ግራጫዋ ላም በጎኗ ተኝታለች፣ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሆዷ ብቻ አብጧል። ሰዎች ዙሪያዋን ቆመዋል። ሎሚ አየችኝና ፊቷ በራ። ያመጣሁትን ስታይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ላም የምትነሳው በስድስት ሰው ነው። አንዱ ቀንዷን፣ አንዱ ጭራዋን ይይዛል፤ በሆዷ ሥር ጆንያ ገብቶ ሁለት ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይጨብጣል። ዛሬ አምስት ነበሩ። ጭራ የሚይዝ ጎድሎ ነበር፣ ከባዱ ቦታ እሱ ነው አሉኝ፤ ላም ስትነሳ የምትጀምረው ከኋላ ስለሆነ። በርሲሳ ና አሉኝ።

መጀመሪያ ግን ሰላምታ አለ። ቸኩለው እንኳ ሰላምታ አይዘሉም። አካም ብለው እያንዳንዳቸው ናጋ ነው ወይ አሉኝ። ሰላም ነው ወይ፣ ቤትህ፣ ልጆችህ፣ ሥራህ፣ በመካከላችን ሰላም ነው ወይ። እኔም ለእያንዳንዳቸው ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ እያልኩ መለስኩ። ሎሚ መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ። ናጋ አልኳት። ከዚያ ጭራውን ያዝኩ።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሳች። እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሰዎቹ ከጎኗ ተደግፈው ቆዩላት፣ እስክትለምድ። እጄ ላይ እበት ነበር፤ ሎሚ ከጀሪካን ትንሽ ውሃ ልታፈስልኝ ስትል አይ አልኳት። በዚህ ወቅት ውሃ ለእጅ አይባክንም። ቤት ስደርስ በእጣቢ ታጠብኩ።

የካቲት 15

ፍስሐ ቢሮ ሄድኩ። ካርታዬ ግድግዳው ላይ አለ፤ አንዱ ቀስት ላይ «ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ጨምረውበታል። ስለ ሳጳንሳው፣ ስለ ሣሩና ስለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ አስረዳሁት። በትሕትና ሰማኝ። ከሰል ከሰል ነው፣ መምህር፣ እኔ በምን እለየዋለሁ አለኝ። አይሱዙዎቹስ አልኩት። ካርታው ላይ የሉም አለኝ።

ይህን ሲል አልቀለደም። ካርታዬን አምኖ ነው።

አህያዋን ግን ዋስ ካገኘች ልለቃት እችላለሁ አለኝ። ፈረምኩ። ጆንያዎቹ አይመለሱም።

የካቲት 17፣ ሐሙስ

ሎሚ አህያዋን እየነዳች መጣች፣ ባዶዋን። ልታመሰግነኝ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ መረቀችኝ፣ ረጅም ምርቃት፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ። ቤትህ ይርጠብ፣ ልጆችህ ይብዙ፣ ጠላት አያግኝህ። አሜን ማለት ነበረብኝ፤ ዝም ስል እንዳልሰማሁ መስሏት ደገመችው። አሜን አልኩ።

አመለወርቅ ወንበር አወጣችላት። ሲጫወቱ ሎሚ ሚልኪ የምትባል ጎረቤቷን አነሳች። አብረው ነበር የሚያከስሉት፣ ሃያ ዓመት ጓደኛሞች። ቀኗንና ሰዓቷን ከሚልኪ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ ለሰዎቹ የነገረችው እሷ ናት ብላለች። ሚልኪ ሐሙስ ወጥታ አታውቅም፤ የምትወጣው ማክሰኞ ስለሆነ የሷ አህያ አልተያዘም። ማክሰኞ እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ በጠዋት ስለማስተምር መንገዱን በዚያ ሰዓት አላየሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ጭራውን የምትይዘው ሚልኪ ነበረች።

የካቲት 21

ጾም ገባ። ሥጋ መተው ለአየር ንብረትም ይጠቅማል ብዬ ለክበቡ ተማሪዎች ልናገር አስቤ ነበር። ተውኩት።

የካቲት 24፣ ሐሙስ

ሚልኪን አየኋት፣ ገበያ ላይ። ቀጭን፣ ረጅም። ሴቶቹ ስታልፍ ወሬ ያቋርጣሉ። የማላውቃት ሴት ናት። ለማላውቃት ሴት ምን ብዬ ምን ልበል።

ደግሞስ አሁን ብናገር ለማን ይጠቅማል? ላሟ ፉርሽካ እየበላች ነው፣ እኔ ነኝ የምወስደው። ከተናገርኩ ከእጄ አይቀበሉኝም፤ ላሟ ትሞታለች። ስለ ላሟ ስል ዝም ማለት አለብኝ። ይህ ምክንያት ነው፣ ሰበብ አይደለም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰበብ ነው።

የካቲት 27

የስፌት ጠረጴዛው ሥር መቀስ ስፈልግ ግማሽ ጆንያ ከሰል አገኘሁ። በጨርቅ ተሸፍኗል። መልሼ ሸፈንኩት።

አጠገቡ አመለወርቅ የቀሚስ ልክ የምትቆርጥባቸው ወረቀቶች ነበሩ። ከመሀላቸው የካርታው ረቂቅ አለ፣ የጣልኩት፣ በቀይ ቀስቱ ላይ የክንድ ልክ ተስሎበታል። ለስንት ጊዜ እንደያዘችው አላውቅም። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሎሚን ከሰል ከከለከልኩበት ቀን ጀምሮ በጓሮ በር ስትወስድላት እንደነበር ነገረችኝ፣ አህያዋ እስከተያዘችበት ቀን ድረስ። እኔ እንዳላይ ሳይሆን እኔ እንዳላፍር ነው አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አህያዋን አስፈታህ፣ ጥሩ። ሚልኪን ማን ያስፈታት?»

መቀሱን ሰጥታኝ ወጣች።

መጋቢት 1፣ ሐሙስ

ከትምህርት በኋላ ከኦቦ ዋሪዮ ጋር ወጣን። አዲስ ካርታ ልሠራ ነው፣ በዚህኛው እሳቸው ያሳዩኛል። መሬት መሬት እያየሁ ሁለት ሰዓት ሄድኩ። ሳጳንሳው የተመነጠረበት ቦታ ላይ፣ በደረቀው አፈር ውስጥ፣ የሣር ሥር አሳዩኝ፤ በጣታቸው ቆፍረው። ሞቷል አልኩ። ይጠብቃል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የደደቻ ጉቶዎች፣ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ፣ ከአጠገባቸውም የሰፊ ጎማ ዱካ።

ስንመለስ የመጀመሪያውን ካርታ ለግብረ ኃይሉ የሰጠሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ለእሳቸው መጀመሪያ መንገር ቀሎኝ ነው።  ለእኔ የምትነግረኝ እኔ ከሰል አከስላለሁ እንዴ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ በሩ ላይ ስንለያይ ግን እንደ ሁልጊዜው ናጋ አላሉኝም።

መጋቢት 3

ሄድኩ። መንደሩ ውስጥ አምስት ነበርን፣ አንድ ሰው ጎድሎ። ላሟ ስትነሳ ተንሸራተተችና መልሳ ወደቀች፣ ሎሚ ላይ ልትወድቅባት ነበር። ጭራው ላይ የእኔ ጉልበት አልበቃም። ተሳክቶ ስትነሳ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ላብ በላብ ሆነን ሁላችንም መሬት ተቀመጥን። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሎሚ እግዜር ይስጥህ በርሲሳ አለችኝ።

አልተናገርኩም።

መጋቢት 4፣ እሑድ

ተናገርኩ።

ላሟ ከተነሳች በኋላ ነው፤ ከመነሳቷ በፊት ብናገር ማን ያነሳታል ብዬ። ሌሎቹ እስኪሄዱ ቆየሁ። ሎሚ ፉርሽካውን በውሃ እያራሰች ነበር። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ቀና ሐሳቤ፣ ስለ ግብረ ኃይሉ። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ሎሚ፣ ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀኑንም ሰዓቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚልኪ የለችበትም» አልኳት።

እጇ ፉርሽካው ውስጥ ቆመ። መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ፣ በኦሮምኛ ልደግመው ስል እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

«ስሜን ጻፍክ?» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። አልጻፍኩም አልኳት።

«አህያዬን ግን ጻፍክ» አለችኝ።

 አልቅሼ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አላለቀስኩም። እሷ እጇን በላሟ ጀርባ ላይ ጠረገች፣ ሻሿን ፈታ እንደገና አሠረች፣ አጠገቤ አልፋ ወጣች። ወዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሚልኪ ቤት ከመንደሩ ጫፍ ነው። በዚያ ፀሐይ ሳትሮጥ ሳትቆምም ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ መሬት ላይ ስትቀመጥ አየሁ፤ ውጪ፣ እንደ ለማኝ። በሩ ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም። ሲከፈት ዞር አልኩ፣ ማየት ያለብኝ አልመሰለኝም።

የተረፈውን ፉርሽካ አርሼ ለላሟ ሰጠኋት። ከእጄ በላች፤ እሷ ምን ታውቃለች።

መጋቢት 5

ልሂድ አልሂድ ስል አደርኩ። አመለወርቅ ጫማዬን በሩ ላይ አስቀምጣልኛለች። ሄድኩ።

ስድስት ነበሩ። ጭራው ላይ ሚልኪ ነበረች። አንድም ሰው ናጋ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሎሚና ሚልኪ ብዙም አይነጋገሩም ነበር፣ ግን ሎሚ ስትተነፍስ ሚልኪም ትተነፍሳለች፣ አንዷ ስታነሳ ሌላዋም ታነሳለች። ላሟ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ላም ለማንሳት ስድስት ሰው ይበቃል። እኔ ሰባተኛ ነበርኩ።

ያመጣሁትን ጆንያ አስቀምጬ ልሄድ ስል ሎሚ ጠራችኝ። ወደ እኔ አላየችም፤ የላሟን ዓይን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«ዋሪዮ ነገ በትምህርት ቤት ተረኛ ነው። የእሱ ቦታ በቀኝ በኩል ነው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ሰዓቱን አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ካርታ ለፍስሐ ወሰድኩለት። ታችኛው ጥግ ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ፣ በትልቁ። የጎማዎቹን ዱካ ሲያይ ይህንኛውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ እንደሚከብድ ነገረኝ። አሮጌውን ግን እንዲያወርደው ለመንኩት፤ እኔ ፊት አወረደው። አዲሱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በሳምንት ተመልሼ እጠይቀዋለሁ።

መጋቢት 6

በቀኝ በኩል ነበርኩ። ተነሳች። ትሰነብት እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ግን ተነሳች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ እጄን ታጥቤ ልግባ።